ጆሮህ ላይ የነበረው ቀለም አልነበረም

ውድ ወንድምጋሼ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። እኔም የምጽፍልህ ተኝቼ ነው፤ ጉልበቴን ቀደውኝ ቁስሉ ገና አልደረቀም። 

ከማደንዘዣው እንደነቃሁ ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «እህቴ፣ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ሲለኝ የምቃዥ መሰለኝ።

«ኧረ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! ማተሚያ ቤት የሠራው ወንድሜ ነው» አልኩት።

«ጉልበትሽን ስከፍተው፣ ነጭ መሆን የነበረበት የአጥንትሽ ልባስ ከሰል መስሏል» አለኝ። ክው አልኩ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ደግሞ ባሰ። «ወንድምሽ ጆሮው ይጠቁራል?»

የፈጣሪ ያለህ! እናታችን መጣችብኝ። ከሥራ በገባህ ቁጥር ነጭ ጋዝ በነከረችው ጨርቅ ጆሮህን ስትፈትግ፣ አንተ «ኧረ ተቃጠልኩ!» ስትል፣ እኛ ስንስቅብህ፣ «ቀለሜ» እያልን ስንጠራህ። የማተሚያ ቤቱን ያን ሁሉ ሠራተኛ ስናይ ጆሮው የጠቆረው አንተ ብቻ እንደነበርክ አንዳችንም ልብ አላልንም። ወገብህ ሲጎብጥ «ቀለሙ መረዘኝ» ብለህ የምትወደውን ማሽን ጥለህ ወጣህ፤ ይኸው ዛሬ የሰው በር ትጠብቃለህ።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ቀለሙ ምንም አላደረገህም። ከሁለቱም ወላጆቻችን ወርሰነው፣ ጉበታችን ውስጥ አንድ ኢንዛይም አልሠራም ብሏል። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ከተፈጨ በኋላ የሚቀረውን ነገር እሱ ማድቀቅ ነበረበት፤ ስላላደቀቀው እየተጠራቀመ ጆሮህንም ጉልበቴንም ያጠቁራል፣ ወገብህን ሳይቀር መገጣጠሚያችንን ይበላል።

መድኃኒት አለው። ከየት እንደተገኘ ብነግርህ አታምነኝም፤ አረም ማጥፊያ ሲፈልጉ ነው ያገኙት! «እኔ አረም ነኝ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት፤ ሐኪሙ በሳቅ ፈረሰ። የጠቆረውን አያነጣም፣ የሚጠራቀመውን ግን ይገታል አለኝ። በሽታው ብርቅ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚመጣው በታማሚው ስም ታዝዞ ነው። የእኔን አዟል፤ ያንተን ግን ሳይመረምርህ አያዝም።

«ሐኪም ቤት ሄዶ ጤነኛ ሆኖ የተመለሰ አላየሁም» እንደምትል አውቃለሁ። እንግዲያው ያ የሚጠራቀመው ነገር በሽንትም በላብም ስለሚወጣ፣ ጠዋት ሽንትህን በጠርሙስ አስቀምጠህ እስከ ማታ ተወው። ከጠቆረ ትመጣለህ። የባለቤትህን የእንግዳ ብርጭቆ እንዳትነካ ብቻ!

ለነገሩ እሷን ትናንት በስልክ ጠይቄያት ነበር። «ማተሚያ ቤቱን ከለቀቀ ስንት ዓመቱ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ግን ዛሬም ይጠቁራል። ከየት እንደሚያመጣው እንጃለት» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ና ወንድምጋሼ። ማሽንህን በከንቱ ነው የተውከው፤ ወገብህን ግን አትተወው።

ጉልበቷ እንደ ጆሮህ የጠቆረው፣
እህትህ