ሁለት ጊዜ ያስመዘገብኳት እህቴ

ውድ እህቴ ሸጌ፣

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልሽ አላውቅም። ስንለያይ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርሽም። ከዚያ ወዲህ ተምረሽ እንደሆነ፣ ወልደሽ ልጅሽ የሚያነብልሽ እንደሆነ፣ ጨርሶም በሕይወት ኖረሽ እንደሆነ አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ስለ አንቺ የማውቀው አንድ ነገር አልነበረም። በዚህ ወር ግን አምስት መስመር አገኘሁ። ያገኘሁትም ከሰው ሳይሆን ከማሽን ነው። ከማሽኑ ልጀምርልሽ፤ እኔ እንደሆንኩ ስለ ዕቃ ማውራት ስለ ሰው ከማውራት ይቀለኛል።

የምኖረው ላሊበላ ነው፣ ከቅዳሜ ገበያው በላይ፣ ብቻዬን። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽም የሚጠሩት እኔን ነው። ሚስት አላገባሁም። ሰዉ "አረጋ ያገባው ሽቦ ነው" እያለ ይስቅብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን የሚያናግረኝ የሰው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።

ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ መጋዘን አለ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ያድል የነበረው የውጭ ድርጅት ሲወጣ ዕቃውን እዚያ ቆልፎበት ሄደ። በመስከረም መጨረሻ የመጋዘኑ ዘበኛ ጠራኝና ቤቱ ለገና እንግዶች ማደሪያ ሊደረግ ስለሆነ ያለው ኮተት ሁሉ በታኅሣሥ አጋማሽ ለቁራሌው እንደሚሰጥ ነገረኝ። የሚሆንህ ሽቦ ካለ ቀድመህ ልቀም አለኝ። ብገባ ጥግ ላይ ማሽኑ ቆሟል። ሚኒ ኮምፒውተር ይሉታል። ሚኒነቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንጃ፣ ቁምሳጥን ያህላል። በድርቁ ጊዜ በገባንበት በጋሸና መጠለያ ውስጥ፣ በቆርቆሮው ክፍል፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም የምንሰማው እሱ ነው። አንቺ ትፈሪው ነበር።

ለምን እንደመጣ አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታውቂም። የመጣው በሁለት ካርድ እህል የሚወስደውን፣ እንደ እኔ ያለውን ሌባ ለመያዝ ነበር።

እናታችን መጠለያው በገባን በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። አባታችን ቤቱንና የቀረችውን በሬ ሊጠብቅ ገነተ ማርያም ቀርቷል። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አንቺ ደግሞ በዓይኔ እያየሁሽ ታልቂያለሽ። በእኔ ካርድ ላይ "ሸጌ ደሳለ" ተብለሽ ተመዝግበሻል፤ የሚሰፈርልን ስንዴና ፋፋ ግን አላነሳሽም። ልጆቿን እዚያው የቀበረች አሰለች የምትባል የአገራችን ሴት ነበረች። በእሷ ካርድ ላይ እንደገና አስመዘገብኩሽ፣ "ወለተ ሩፋኤል ተክለ ሚካኤል" ብዬ። የክርስትና ስምሽ ከአባታችን የክርስትና ስም ጋር። በእኔ የልጅ ብልሃት ይህ ውሸት አልነበረም። ቄሱ ያጠመቁሽ በዚህ ስም ነው፣ እግዜሩም የሚያውቅሽ በዚህ ነው፣ ታዲያ ምኑ ነው ሐሰቱ? ትርፉን ከአሰለች ጋር እኩል እንካፈል ነበር። አንቺም ፊትሽ ትንሽ መለስ አለ።

ከዚያ የሰፈራው መኪና መጣ። የአሰለችን ካርድ ጠሩ፤ በካርዱ ላይ ያለ ሁሉ ይሳፈር ተባለ፤ አንቺም ተሳፈርሽ። እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ የቀረው አቧራው ነው። በዚያ ቀን ብዙ መኪና ወጥቷል፤ ከፊሉ ወለጋ፣ ከፊሉ ኢሉባቦር፣ ከፊሉ ፓዌ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ የነገረኝ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ለአባታችን ሞተች አልኩት። ከእናቷ አጠገብ ቀበርናት አልኩት። ፍትሐት አስደረገልሽ፤ በዓመቱም ከሌለው ላይ ተበድሮ ተዝካርሽን አወጣ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ እንግዳ አስተናገድኩ። ሸጌ፣ የቆመ ሰው ተዝካር ላይ ጠላ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ። አባታችን እስኪሞት ድረስ ከሙታን ጋር ስምሽን ሲያስጠራ ኖረ። በአደባባይ ልፈልግሽ ያልቻልኩት ለዚህ ነው፤ የተቀበረ ሰው ጠፋብኝ አይባልም።

እናም ማሽኑን ሳየው ቀርቤ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁለት። የሄድሽበት አገር እዚያ ውስጥ ተጽፏል። አጠገቡ በፕላስቲክ የታሸጉ፣ ሰፌድ የሚያካክሉ ዲስኮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ "ጋሸና" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቁራሌው እስኪመጣ ሁለት ወር ተኩል አለኝ። ከዚያ በኋላ የምታውቅሽ ብረት ቀልጣ ድስት ልትሆን ነው።

ያን ጊዜ ማሽኑን ያንቀሳቅሱ የነበሩት አቶ ሰይፈ ሥላሴ ጋሸና አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ዓይናቸውም ፈዝዟል። ምን ሊያደርግልህ ነው ሲሉኝ ለታሪክ ነው አልኳቸው። መልሴን እንዳልወደዱት ገብቶኛል፤ ቢሆንም የድሮ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ።

መጀመሪያ የኃይል ሳጥኑን ፈታሁ፤ ያበጡትን ኃይል ማጠራቀሚያዎች፣ ካፓሲተሮቹን፣ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ በነቀልኳቸው ተካሁ። እንደ መጽሐፍ በየማስገቢያቸው የተደረደሩትን ቦርዶች አንድ በአንድ እየመዘዝኩ የመዳብ ጥርሳቸውን በላጲስ አጸዳሁ። አንደኛውን ቦርድ የአይጥ ሽንት በልቶታል፤ ደብተሩን ሳየው ለስልክ መስመር የሚያገለግል ነው፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ አውጥቼ ወረወርኩት። መብራት በፈረቃ ነው። የመጣ ቀን አበራሁት። ማራገቢያው ዞረ፣ አረንጓዴው ስክሪን ላይ ፊደል ብቅ አለ፣ እኔም ቆሜ አለቀስኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ዲስኩ ይሽከረከራል፤ ማሽኑ መልሱን ይጠብቅና ይጠብቅና ደርቆ ይቀራል።

ሦስት ሳምንት ከዚህ ጋር ስታገል ኖርኩ። በየቦርዱ ላይ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ የየቦርዱን አድራሻ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከደብተሩ ጋር እያስተያየሁ አሥር ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ ልክ ናቸው። ገመዱን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ዲስኩን ፈትቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ከማሽኑ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ዘበኛው ሰምቶኝ፣ ጠበል ይወስዱህ እንደሆነ ለማን ልንገርልህ አለኝ። የሚነገረው ሰው እንደሌለኝ ያን ጊዜ ልብ አልኩ።

በጽዮን ማግስት ጋሸና ሄድኩና የሠራሁትን ሁሉ ከሥሩ ለአቶ ሰይፈ ሥላሴ ዘረዘርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አይጥ የበላውን ቦርድ ጣልኩት ስል እጃቸውን አነሱ።

"በቦታው ምን ከተትክ?"

"ምንም።"

ሳቁብኝ። ዲስኩ ልናገር ብሎ ሲጠይቅ ፈቃዱ የሚደርሰው ከቦርድ ወደ ቦርድ በቅብብል ነው፣ ደቦ ላይ ድንጋይ እንደሚቀባበል ሰው። መሃል ላይ አንዱ ከጎደለ ከእሱ ወዲያ ያለው እጁን ዘርግቶ ይቀራል። ቦርድ ስታወጣ በባዶው ቦታ የምታቀብል ትንሽ ቦርድ ማስገባት ነበረብህ አሉኝ። ሦስት ሳምንት ጥፋቱን በሌላው ስፈልግ የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ወረቀት ላይ በጣታቸው እየዳሰሱ የምታቀብለውን ቦርድ ሣሉልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ልጄ፣ ማንን ነው የምትፈልገው?" አሉኝ።

"እህቴን" አልኳቸው።

ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁ አርባ ዓመቴ ነው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሚኒባስ ላይ ደግፌ አሳፍሬያቸው አብረውኝ መጡ።

የምታቀብለውን ቦርድ ከወረወርኩት ቦርድ ቆርጬ ሠራኋት። በታኅሣሥ አራት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ዲስኩ ተነበበ። መዝገቡ ስም ጠየቀኝ። በላቲን ፊደል የክርስትና ስምሽን ከአባታችን የክርስትና ስም ጋር ጻፍኩ። አምስት መስመር ወጣ፤ ለአቶ ሰይፈ ሥላሴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የካርዱ ባለቤት አሰለች። ቀጥሎ ወለተ ሩፋኤል ተክለ ሚካኤል፣ ስምንት ዓመት። ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አረጋ ተክለ ሚካኤል፣ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ወንድም፤ የተጨመረው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ባለው ቀን፣ ቃል የሰጠችው ራሷ ልጅቱ። አራተኛው፣ መድረሻ ፓዌ፣ መንደር አሥራ አራት። አምስተኛው፣ ተሳፋሪ ሁለት፣ አንድ ተጠርቶ አልቀረበም።

ሸጌ፣ ከላይ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር ብዬ ጽፌልሻለሁ። ልሰርዘው አልኩና ተውኩት፤ እጄ ውሸቱን እንዴት እንደለመደው እይልኝ። ውሃ አልሄድኩም። እዚያው ነበርኩ። በድምፅ ማጉያው "አረጋ ተክለ ሚካኤል" ብለው ሦስት ጊዜ ጠሩ። በዚያ ስም ማንም አያውቀኝም። ማሽኑ ሁለቱን ካርድ አገናኝቶ ያዘኝ፣ ሊገርፉኝ ነው ብዬ ከስንዴው ጆንያ ኋላ ገባሁ። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆይቷል። የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ነበር፤ የአንቺን ለቅሶ ግን ለይቼዋለሁ። አልወጣሁም።

የጠሩኝ ለቅጣት መስሎኝ አርባ ዓመት ኖርኩ። ለካ አንቺ ነሽ ያስጠራሽኝ። በስምንት ዓመትሽ ያን የምትፈሪውን ክፍል ብቻሽን ገብተሽ፣ ወንድሜን ጨምሩልኝ ብለሻል።

አቶ ሰይፈ ሥላሴን ያንን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስንቱን አስታውሳለሁ ልጄ አሉኝ፣ ከዚያም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ገነተ ማርያም ሄጄ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን ቄስ አለሜንና ሕዝቡን አቁሜ፣ ሞተች ያልኩት ውሸት እንደሆነ ነገርኳቸው። ተዝካርሽን የበሉ ሦስት ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፤ አንደኛው ፊቱን አዞረብኝ፣ አልፈረድኩበትም። ቄስ አለሜ፣ አሁን አለች ወይ አሉኝ። አላውቅም አባቴ አልኳቸው። እንግዲያው እስክናውቅ ድረስ ከቆሙት ጋር እንጠራታለን አሉ።

ማሽኑን ትናንት ቁራሌው ጭኖ ወሰደው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሸዕባን ነው፤ እስከ ፓዌ የሚጭን የጋሸና ሾፌር ነው፣ መንገዱ ከተከፈተለት። ከገና በኋላ እኔ ራሴ እመጣለሁ። መንደር አሥራ አራት ገብቼ በሁለቱም ስምሽ እጣራለሁ። ሰምተሽ ባትወጪ አይገርመኝም፣ አልቀየምሽምም፤ እኔም ሰምቼ አልወጣሁልሽም። ብቻ እኔ እንደ መኪናው ጠርቼ አልሄድም፤ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ።

ወንድምሽ አረጋ
ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 2018