ጽዋውን ያነሳችው ተከራይ

አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ
የካቲት 25 ቀን

ለምላሰኛዋ የልጅ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? የኪጋሊ ዝናብ እንደኛ ክረምት ነው ወይስ ይሉኝታ አለው? የሆቴሉ አለቃሽስ አሁንም "ፈገግ በይ" እያለ ያስቸግርሻል? ፈገግታ የአያቴ ንብረት ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ አይወጣም በይው። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን አልታመመም፤ አኩርፎ ነው። ጠዋት ጠዋት እለማመጠዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይታረቀኛል።

እናትሽ አስቴር "አባዬ ሊያብድ ነው" ብላ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። አንቺም አላስቻለሽ፣ "አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?" ብለሽ መልእክት ላክሽ። በስልክ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስትስቂ ደግሞ የማወራው ይጠፋብኛል። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዳሲቱ ልጅ እድላዊት ነገ ለስብሰባ ወደዚያው ስለምትበር ማታ መጥታ ትወስደዋለች። እናትሽ ከነገረችሽ ግማሹን እመኚ። ያልነገረችሽ ግማሽ ግን ከዚያም የባሰ ነው።

ነገሩ የተከራዬ ነገር ነው። ኒላንቲ ትባላለች። ከስሪላንካ መጥታ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለወጣት ሠራተኞቹ ስፌት ታስተምራለች። ዕድሜዋን አልጠየቅኳትም፤ ግን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ከምትፈልግበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጥቅምት ላይ ደላላው ሲያመጣት ጓሮ ያለውን ሰርቪስ አየች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ከፈተች፣ "እዚህ እሆናለሁ" አለች። የፋብሪካው ውል የአራት ወር ሙከራ ነበር። ከወደድንሽና ከወደድሽን ሁለት ዓመት እንጨምራለን ብለዋታል።

በምን ቋንቋ ታወራላችሁ ትይኝ ይሆናል። ክር ፋብሪካ መካኒክ ሳለሁ ከህንድ መሐንዲሶች የለቃቀምኩት እንግሊዝኛ አለኝ አይደል? ግማሹ ስለ ብሎን ነው፤ ቢሆንም ሰው ለሰው ከብሎን ተነስቶ ብዙ ቦታ ይደርሳል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ብታያት ታሳዝንሽ ነበር፤ ታስቅሽም ነበር። ሁለት ሹራብ ደርባ ትወጣለች። የታክሲው ረዳት "ቃሊቲ! ሳሪስ!" ብሎ ሲጮህ የተቆጣት መስሏት ይቅርታ ትጠይቀዋለች። ረቡዕ ውሃ ሲመጣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ኩባያውን፣ የአበባ ማስቀመጫውን ሳይቀር ሞልታ ትጠብቀኛለች። ከሁሉም የባሰው ሰላምታችን ነበር። እኛ "ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው? እንዴት አደርሽ?" ስንል መልስ አንጠብቅም፣ እንዲያው እያለፍን ነው። እሷ ግን ቆም ብላ ለእያንዳንዱ በእውነት ትመልሳለች። "ሌሊት ጨጓራዬን አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሻለኝ፣ ሥራው ላይ አንድ የስፌት መኪና ተበላሽቷል" ስትል የፋብሪካው አውቶብስ ጥሏት ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ጥሏታል።

እኔም አላረፍኩም። ከታክሲ ለመውረድ ምን ይባላል ስትለኝ "ወራጅ አለ" አልኳት። ታክሲ ውስጥ ብቻ መሆኑን ግን ሳልነግራት ቀረሁ። አንድ ቀን የፋብሪካው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሲፈጅባት ቦርሳዋን አንስታ፣ ብድግ ብላ፣ በትህትና "ወራጅ አለ!" አለቻቸው። ሠራተኛው እየተንፈራፈረ ሳቀ አሉ። ማታ መጥታ በዣንጥላዋ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። አያትሽ ካረፈች ወዲህ የመታኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ፀሐዩ ወደ ቢጫነት ሲያደላ፣ የፋብሪካው ጭስና የመንገዱ አቧራ ተቀላቅሎ ሰፈሩን በቀጭን ሻሽ እንደሸፈነው ያለ ጊዜ። እሷ ዓይኗን ጨፍና "ባሕሩ መጣ" አለችኝ። ያቃዣት መሰለኝ። ጣቷን ወደ ትልቁ መንገድ ቀሰረች። ለካ የምትሰማው የጭነት መኪኖቹን ነው። አንዱ ከቃሊቲ በኩል እያጉረመረመ ይመጣል፣ ይበረታል፣ በራችን ላይ ይሰበራል፣ ከዚያ ወደ ዱከም እየሳሳ ይሄዳል። ጸጥ ይላል። ደግሞ ሌላው። የተወለደችበት ቤት ከባሕሩ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ ማዕበሉ ልክ እንደዚህ ነው አለችኝ። ስትመጣ ሰሞን እንቅልፍ የሚወስዳት በዚህ ድምፅ ነበር።

አስቢው እንግዲህ። ዕድሜዬን ሙሉ የረገምኩት ጩኸት! ባሕር አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በረንዳዬ ወደብ ሆነ። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል የአቮካዶው ዛፍ እንደ መርከብ ሲወዛወዝ አያለሁ። አንድ ቀን አያትሽ መርከቡ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን ንፋስ ይዞት አየኋት። "አንተ ሰውዬ፣ ዋና ሳትችል!" አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። እንዲያውም የምትስቅ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጥር ሃያ አንድ የማርያም ጽዋ ማኅበራችን ወይዘሮ ዳሲቱ ቤት ነበር። ዳሲቱ ኒላንቲን "አንቺም ነይ፣ ብቻሽን አትዋይ" ብላ ጠራቻት። አጠገቤ ተቀመጠች። በልተን ጠጥተን፣ ጸሎት ደርሶ፣ የንስሐ አባታችን ባርከው ጽዋው በጨርቁ እንደተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ ሆነ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ዱሬሳ፣ "ጽዋውን አንስቶ ለሚቀጥለው ወር የሚደግስ ተረኛ ማን ነው?" አለ። ተረኛዋ ሐዘን ላይ ናት፣ አልመጣችም። ቀጣዩ ቤት እያሠራ ነው። ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የኔን ነገር ታውቂያለሽ። አያትሽ ካረፈች ሦስት ዓመት ተራ ወስጄ አላውቅም። በመጀመሪያው ዓመት አዝነውልኝ ዘለሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ግን እኔው ነኝ ሐዘናቸው ሥር የተደበቅኩት። ሳሎኑ እንደተዘጋ ነበር፣ ወንበሮቹም እንደተደራረቡ። መዋጮዬን እሰጣለሁ፣ በልቼ እመለሳለሁ።

ጸጥታው ሲረዝም ኒላንቲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ሰዎቹ ደክሟቸዋል መሰለኝ፣ ዕቃውን ላንሳላቸው ወይ አለችኝ። የሚታጠብ ማሰሮ መስሏታል። ሳልዋሽ ልንገርሽ፦ ቀሚሷን ሳብ ባደርጋት ቁጭ ትል ነበር። "ደስ ይላቸዋል" አልኳት።

ተነሳች። በሀገሯ ከመነኩሴ ፊት ዕቃ የሚነሳው በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። እሷም ለአባታችን ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፣ ጽዋውን በሁለት እጇ አንስታ ደረቷ ላይ አስጠጋች፣ ወደ ጓዳ ዞረች። ያን ያየች አንዲት ሴት ሳታስበው እልል አለች። ሌሎቹ ተከተሉ። ኒላንቲ መሃል ሳሎን ቆማ ቀረች፤ ዕቃ በማጠብ እንዲህ የሚያመሰግን ሕዝብ አይታ አታውቅም።

ከዚያማ እልልታው አለቀና ክርክሩ ጀመረ። ዳሲቱ "ያልተጠመቀች ሴት እንዴት አድርጋ? ኧረ ባካችሁ!" አለች። ዱሬሳ "ታዲያ ማን ይቀበላት? ጣሪያ የሚቆጥረው ሁሉ እጁን ይዘርጋ" አላት። አባታችን ጢማቸውን እየዳበሱ ሴትዮዋ የት ነው የምትኖረው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። "የቤቱ ባለቤት ማኅበርተኛ ነው አይደል?" አሉ አባታችን። "እንግዲያው ጽዋው የሄደው ወደ ማኅበርተኛ ቤት ነው። እሷ ተሸካሚ ናት። እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት እግሩ ከብዶት ነበርና ተሸካሚ ያስፈልገዋል።" ዱሬሳ እስከ ዛሬ በዚህ ይስቅብኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳደረገች ነገርኳት። የሚቀጥለው ወር ሃያ አንድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው፣ ጽዋውን ያነሳሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ጽዋውን እንዳቀፈች ቁጭ አለች። ለካ የአውሮፕላን ትኬቷን ቆርጣለች። ለየካቲት አሥራ ስድስት። የሁለት ዓመቱን ውል አልፈርምም ብላ ለፋብሪካው ነግራለች፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ለምን ስላት መነጽሯን እየጠረገች እንዲህ አለችኝ። እዚህ ሰው ደግ ነው፤ ግን ጠዋት ወጥቼ ማታ ባልመለስ "ለምን ቀረች?" የሚል ማንም የለም። የሚጠብቀኝ ሰው በሌለበት ከተማ መኖር በሕልም ውስጥ እንደመሄድ ነው፣ እግሬ መሬት አይነካም።

"አሁን ሃያ አራት ማኅበርተኛ ይጠብቅሻል" አልኳት። የተናገርኩት ለቀልድ ነበር። ቀልድ ሆኖ ግን አልወጣም። ሃያ አምስተኛውን አልቆጠርኩላትም።

በማግሥቱ ትኬቷን ወደ የካቲት ሠላሳ አዛወረች። ማኅበሩን አብልቼ እሄዳለሁ አለች።

እናትሽ ከቱሉ ዲምቱ በሁለት ታክሲ መጣች። "አባዬ፣ ሰው ምን ይላል? ይሄን ቤት ዘግተህ እኔ ጋ ና አላልኩህም?" ያንቺ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን በበሬ ያልፋል፣ እርግብ ነው? አልኳት። ልትቀጥል ስትል ሳሎኑ ተከፍቶ አየች። ወንበሮቹ ወርደዋል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ የአያትሽ ፎቶግራፍ ተወልውሏል። ኒላንቲ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃ ትሰቅላለች፤ እሷው ናት የሰፋችው፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ፋብሪካ ውስጥ ከተራረፈ ጨርቅ። ያልተጠመቀች እንዴት ያለችው ዳሲቱ ከሥር ወንበሩን ይዛ "ወደ ግራ! ግራ አልኩሽ እኮ!" ትላታለች። እናትሽ እጅጌዋን ሰበሰበች። ይህን በስልክ ነግራሻለች? አልነገረችሽም!

የማኅበሩ ቀን ሲደርስ ጾም ገብቶ ስለነበር ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ኒላንቲ ለሥጋም ለቅቤም ግድ የላትም፤ ምስሩን ይዤዋለሁ አለች። ከሀገሯ በፌስታል ያመጣችውን ቅጠል ጨመረችበት። ዱሬሳ አንድ ጉርሻ ዋጠና "ይሄ ምስር የት ሀገር ነው ያደረው?" አለ። እሷ ከማጀት በር ላይ ቆማ ፊቱን ታነባለች። ሳህኑን ዘረጋ። ሦስት ጊዜ ነው ያስጨመረው፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠሬን ተውኩ። አባታችን ሲመርቁ ለሀገሯም ለእናቷም መረቁላት፣ እሷም አንዷን ቃል ሳትሰማ ለሁሉም "አሜን" አለች። ለተረኛዋ ጽዋውን ስታስረክብ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ እነዚያ ሽማግሌዎችም አንድ ላይ ብድግ ብለው ዝቅ አሉላት። የዱሬሳ ወገብ እስካሁን አልተቃናም።

እንግዲህ የካቲት ሠላሳ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። የሻንጣዋ መንኮራኩር ትናንት በሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ሂጂም ቅሪም አላልኳት። ምን ብዬ? እኔ አከራይ ነኝ። ሰው ሀገር ያለ ሰው ምን እንደሚመስል ያየሁት በእሷ ነው። አንቺ በዚያ ከተማ አንድ ሽማግሌ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ቢያወራሽ፣ ሰላምታሽን እስከ መጨረሻው ቢሰማሽ ብዬ እመኛለሁ። ሽማግሌው ትንሽ ሞኝ ቢሆንም ታገሺው። "አንተ በዚህ ዕድሜህ" አትበይው። እናትሽ ብላኛለች፤ አንድ ሰው ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ እርሳስ መሆኑን ሳታይ አትቀሪም። እየጻፍኩልሽ ሳለ ኒላንቲ ከሥራ ገባች። "ጋሼ፣ እስክሪብቶ" አለችኝ። ደብዳቤ ላይ ነኝ፣ ያለችኝም ይህቺው ናት አልኳት። ነገ ጠዋት ለፋብሪካው የሚመለስ የውል ወረቀት አለኝ አለች። ስንት ገጽ ነው አልኳት። "አምስት። ሁሉም ላይ ይፈረማል።" ሰጠኋት። ጓሮ ገባች፤ የሰርቪሱ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። እኔም ከመሳቢያ እርሳስ ፈልጌ፣ በቢላ ቀርጬ፣ ይኸው ቀጠልኩ። ፊደሉ ቢጣመምብሽ እርሳሱ ነው፣ ሌላ ነገር አይምሰልሽ። እስክሪብቶውን ቶሎ መልሺም አላልኳት።

በይ፣ እድላዊት በሩን እያንኳኳች ነው። የምትረግጪው መሬት ይቀበልሽ፤ ደጅሽን የሚያንኳኳ አይጥፋ፤ ስትዘገዪ "የት ቀረች?" የሚል ሰው ይስጥሽ፤ እመቤቴ ማርያም ከፊትም ከኋላም ትሁንልሽ፣ አሜን በይ።

የሚናፍቅሽ
አያትሽ