ያላንተ የቆረጥኩት የአምስተርዳም ትኬት

ለብሩኬ፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ነህ» ይባላል። እኔ ግን ስለ ጤና ካንተ ጋር ማውራት አልፈልግም። ስለ ጤናህ ስንት ጊዜ ጠይቄህ ስንት ጊዜ እንደዋሸኸኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሰላምታውን ልዝለለውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሙት ዓመትህ ነው፤ በዚያው ሳምንት እኔ አምስተርዳም ነኝ።

አዎ፣ ያ አብረን ልንሄድበት የነበረው። ከተማው በሙሉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሆንበት ሳምንት። ቀን ቀን ሙዚቀኞቹ አዳራሽ ተሰብስበው ስለ ሥራቸው ይነጋገራሉ፤ ሲመሽ ክለቡም፣ አሮጌው ፋብሪካም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሳይቀር ጭፈራ ቤት ይሆናል። መጀመሪያ የነገርከኝ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚለውን ስሰማ አማትቤ ነበር። አንተ ደግሞ በሳቅ ሞትክ።

ትኬቱን ዛሬ ቆረጥኩ። ራሴ ነኝ የቆረጥኩት፤ ካዛንቺስ ያለው የጉዞ ወኪል ቢሮ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አሁንም አለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መንገድ ሳቀና እውላለሁ። አምና የሁለታችንን ስም አንድ ላይ ስጽፍ እንደ አዲስ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ «መንገደኛ፦ አንድ» ብዬ ስሞላ ያለቀስኩ እንዳይመስልህ። ተናደድኩ። ኮምፒውተሩን በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝም። አሁን ምሳ ሰዓት ነው፣ ባልደረቦቼ ወጥተዋል፣ እኔ ምሳዬን ትቼ ይህን እጽፍልሃለሁ።

የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። ባቡሩ ተጀመረ። ያ መንገዱን ሁሉ ቆፍሮ ያስመረረን ባቡር አሁን በስታዲየም አልፎ ወደ ሜክሲኮ ሽው ይላል። መጀመሪያ የተሳፈርኩ ቀን በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁና፣ ብሩክ ይሄን ቢሰማ ማይኩን ይዞ ማን ያወርደዋል ብዬ አሰብኩ። ወዲያው በሸቅኩ። ቢላ ሲሳል ልቅዳ ብለህ ቄራ ውለህ፣ የሥጋ ሽታ ይዘህ ቤት የምትገባ ሰውዬ፣ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል ለመቅዳት ፀሐይ ላይ የምትቆም ሰውዬ፣ ባቡሩን ሳትሰማው ሄድክ። ከጀርባችን ያሉት ቤቶች ፈርሰው አልቀው ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። የእኛ ግቢ እስካሁን አለ። እናትህ ከፊት ባለው ቤት፣ እኔ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነን፤ ተራው መቼ እንደሚደርሰን የሚያውቅ የለም።

ሚክሰሩ፣ ስፒከሮቹ፣ ላፕቶፑ፣ እናትህ በለቅሶው ዕለት በነጠላቸው እንደሸፈኗቸው ከረሙ። ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም። ሬዲዮ እንኳን ከፍተን አናውቅም። ባንተ ስፒከር ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ የኖረ ቤት፣ ዘንድሮ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማበታል። ሰው ሲመጣ «ጸጥታው ደስ ሲል» ይላል። ደስ አይልም።

ሰኔ ላይ የዝግጅቱ ሰዎች ጻፉልኝ። አምና ያንተን ንግግርም ሙዚቃህንም ተቀብለው ነበርና፣ እሱ ባይኖርም ቦታው አለ፣ አንቺ መጥተሽ ስለ ሥራው ብትናገሪ፣ ማታ ደግሞ ሙዚቃውን ብታጫውቺ አሉኝ። ቀን የሰው ሰርግ ላይ ድምፅ እያስተካከልክ፣ የራስህን ሥራ በተረፈህ ሰዓት ለሠራህ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እሺ አልኩ። ለማንም ሳልነግር ቪዛውን ጠየቅኩ። መንገዱን እንደገና ማቀድ ጀመርኩ።

አምና ስናቅድ እኮ ደስ ይል ነበር። ከሥራ ስወጣ በር ላይ ትጠብቀኝና ወደ ስታዲየም በእግር እየወረድን እንከራከራለን። አንተ በአንድ ምሽት አምስት ቦታ መድረስ ትፈልጋለህ፤ አንዱ መሀል ከተማ፣ አንዱ በጀልባ የሚኬድበት የድሮ የመርከብ ፋብሪካ። እኔ የትራሙን ሰዓት አይቼ፣ ወንድሜ ያለህ ሁለት እግር ነው እልሃለሁ። የጠዋቱ ስብሰባም አንድ እንዳያመልጥህ ትፈልጋለህ። ታዲያ መቼ ነው የምንተኛው ስልህ «እንቅልፍ እዚህ አዲስ አበባ ሞልቷል» ትለኛለህ። ለብርዱ ብለን ሜክሲኮ ሰልባጅ ልብስ ስንፈልግ ላንተ የተገኘው ካፖርት ቁርጭምጭሚትህ ላይ የሚደርስ ነበር። መንገድ መሀል ለብሰኸው ስትዞር ሻጩ ራሱ ሳቀብህ። እንዴት እወድህ እንደነበር ያን ቀን ብነግርህ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን እጅጌውን እየለካሁ ነበር።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ለቪዛ ኤምባሲ የተቀጠርን ቀን፣ ሰልፉ ላይ ደረትህን ይዘህ ግንቡን ተደገፍክ። ፊትህ ላብ በላብ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ «ጨጓራዬ ነው በቃ፣ በባዶ ሆዴ ማኪያቶ ጠጥቼ ነው። ቀጠሮው ቢያልፍብንስ?» አልከኝ። ቤት ስንገባ እናትህ ሰምተው ተልባ በጠበጡልህ። ወንድምህ ግርማ ቃሪያ ቀንስ ብሎ መከረህ። እዚህ ከተማ እንግዲህ ጨጓራ የማይሆን ሕመም የለም። ራስ ቢያም ጨጓራ ነው፣ ጀርባ ቢያም ጨጓራ ነው፣ ልብ ሊቆም ሲልም ጨጓራ ነው። ተልባህን ጠጥተህ ከንፈርህን ጠረግክና ተሻለኝ አልክ። እኛም አመንንህ።

ለጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ሻንጣ ስትዘጋ ወደቅክ። ታክሲ ውስጥ አስገባንህ፤ ስታዲየም ጋ ስንደርስ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ መኪና በመኪና ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ክላክስ ቢያደርግ፣ እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ብጮህ ማን ይንቀሳቀስ። እዚያው እጄ ላይ አለቅክ።

እውነቱን የሰማሁት ለቅሶ ላይ ነው። ጓደኛህ ሄኖክ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ከኤምባሲው ማግስት ሁለታችሁ ክሊኒክ ሄዳችኋል። ሐኪሙ፣ ይሄ የልብ ይመስለኛል፣ ዛሬ ነገ ሳትል ትልቅ ሆስፒታል ሂድ ብሎሃል። አንተ ደግሞ ከአምስተርዳም ስመለስ እመረመራለሁ፣ ለእሷ እንዳትነግራት፣ ጉዞውን ትሰርዝብኛለች ብለህ ሄኖክን አስምለኸዋል።

እውነትህን ነው፣ እሰርዘው ነበር! ሥራዬ ነው፣ ቁጭ ብዬ በሁለት ጣቴ እሰርዘው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ታኮርፈኝ ነበር። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ትተኛ ነበር። ኩርፊያህን ችዬ እኖር ነበር፣ ብሩክ። ኩርፊያ ሰው አይገድልም።

ይህን ለእናትህ ሳልነግራቸው ዓመት ያዝኩት። ተልባውን የበጠበጡት እሳቸው ናቸውና እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ግን ግርማ ስለ ተዝካሩ ሊነጋገር መጣ። እናትህ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ እኔ በዚያ ሳምንት እንደማልኖርና የት እንደምሄድ ተናገርኩ። እንደ እብድ አየኝ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ «ሚስት ተብላ! ሰው ባሏን ሲዘክር እሷ ፈረንጅ አገር ጭፈራ ቤት?» አለ። አንድ ቀን እንኳን ሙዚቃህን ቁጭ ብሎ ያልሰማ ሰው ነው። ሰርግ ላይ ስታጫውት ጆሮውን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር ረሳህ? እየጮኸ እያለ ደረቱን ያዘ። ጎንበስ ብሎ፣ ይኸው አናዳኝ ጨጓራዬን ቀሰቀሰችው አለ። እናትህ ማንም ሳይነግራቸው ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ሰማሁ። ተልባ ይዘው ወጡ።

ብርጭቆውን ከእጃቸው ነጠቅኩና በበሩ ወደ ግቢው ወረወርኩት። «አንዱን በዚህ ቀበርን፤ ሌላውንም ልንቀብር ነው?» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ክሊኒኩን፣ ሐኪሙን፣ የሄኖክን መሐላ፣ ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ሁሉ አፈረጥኩት። እናትህ በቆሙበት ደርቀው ቀሩ። ጋሼ እያልኩ የኖርኩትን ወንድምህን «ተነስ አንተ!» ብዬ በክንዱ ጎተትኩት። የጫማውን ክር ሳያስር ታክሲ ውስጥ ከተትኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየን።

ሆስፒታል ደረቱ ላይ ገመድ ለጠፉለት፣ ደም ወሰዱ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። በመጨረሻ ሐኪሟ ወጥታ ምን ብትለን ጥሩ ነው? ልቡ ደህና ነው፣ ጨጓራ ነው።

ጨጓራ! የእሱ የእውነት ጨጓራ ሆኖ አረፈው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ። በግርማ አይደለም፤ እንኳን ደህና ሆነ፣ ልጆች አሉት። የተናደድኩት ባንተ ነው። ያ ሁሉ ምርመራ ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀም። ግርማን ያህል ሞገደኛ ሰው አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ቤቱ ገባ። አንተ ያችን ግማሽ ቀን ነው የነፈግከኝ። ወንድምህ እስካሁን አያናግረኝም፤ መድኃኒቱን ግን በሰዓቱ ይውጣል ብላ ሚስቱ ነግራኛለች።

ከእናትህ ጋርም ለቀናት ሳንተያይ ቆየን። በራቸውን ዘግተው ይውላሉ፤ ያስቀመጥኩላቸውን ምግብ ሳይነኩት አገኘዋለሁ። ፈራሁ። ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በራፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያልተኙ ዓይኖች ናቸው። ተልባውን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ አሉኝ። እኔም፣ እሱ ያውቅ ነበር፣ እርስዎንም እኔንም ነው የሸወደን አልኳቸው። ከዚያ «ልጄ ውሸታም ነበር» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ስላንተ ከአፋቸው ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ካሉት በኋላ ግን ትከሻቸው ዘና አለ።

አልፈውኝ ገቡ። ነጠላቸውን ከዕቃዎችህ ላይ በራሳቸው እጅ አነሡት፣ አራገፉት፣ ለበሱት። እስቲ ክፈችው አሉኝ። ገና ዓመቱ አልሞላም ብላቸው «ክፈችው አልኩሽ እኮ» ብለው ተቆጡኝ። ከፈትኩት። የቄራው ቢላ፣ የታክሲ ረዳቶቹ፣ ጎል ሲገባ የስታዲየሙ ጩኸት፣ ከኋላችን ቤት ሲያፈርስ የነበረው መዶሻ፣ ከሥር ደግሞ ያ እሳቸው «ድም ድም» የሚሉት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ፣ ለካ ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ ይሄ ነው አሉ። ከዚያ ድገሚው አሉኝ። ሲደገም ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲመታ አየሁ፣ እንዳላየሁም ሆንኩ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ወሰኑልኝ። ተዝካሩን እኔ አወጣለታለሁ፣ ካህናቱንም እኔ አበላለሁ፣ ያ የእኔ ነው፤ ይሄኛው ያንቺ ነው፣ ሂጂ አሉኝ። ጥቁሩን ግን አውልቂ፣ ጭፈራ ቦታ ጥቁር ተለብሶ አይኬድም ብለው አስጠነቀቁኝ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ጥቁር በጥቁር እንደሚለብስ አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ልሄድ ነው። ንግግሩ ላይ ደግ ደጉን ብቻ አውሪ ብሎ ሄኖክ መክሮኛል። ደጉን እናገራለሁ። ማይክህን ይዘህ ሊፈርስ የተቃረበ ቤት ሁሉ በር ላይ ትቆም እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ይሄ ሰው እናንተ ጋ ለመምጣት ብሎ ሕመሙን ደብቆ ሞተ እላቸዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ደረቱን ይዞ ዝም ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ይስማኝ።

ሟች አይወቀስም ይላሉ። እኔ እወቅስሃለሁ። ሳቅህን የማስታውሰውን ያህል ውሸትህንም አስታውሳለሁ፤ ግማሽህን የሚያስታውሱ ሌሎች ይኑሩ፣ እኔ ሙሉህን ነው የማስታውስህ። አልረሳህም፣ ብሩኬ። እንዴት ብዬ እረሳሃለሁ፣ ጠባችንን ገና መቼ ጨረስን።

ሚስትህ ሰብለ