ከዳዊቴ የወደቀው ወረቀት

ጫኖ፣ ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያኤል፣
ናይሮቢ

እንደምን ነህ? እኔ፣ እሱ ይመስገን፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። የቀረውን ሰላምታ ይህን ደብዳቤ ከጨረስክ በኋላ፣ ከፈለግከው ራስህ ሙላው።

ዘጠኙን ሰዎች ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ሳላዲን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ውጬ፣ በስልክ «አባዬ፣ ሰላም ነው?» ስትለኝ «ሰላም ነው» እያልኩ ኖርኩ። ሰላም አልነበረም። ስልኬን የዘጋሁት ይህን ጽፌ እስክጨርስ ነው። እንደ ልማድህ መሀል ላይ ልታቋርጠኝ አትችልም።

ድርጅትህ ከለላ እንዴት እንደተጀመረ ናይሮቢ ላይ ለፈረንጆች ስታወራ በቪዲዮ አይቼሃለሁ። ብቻህን የሠራኸው ይመስላል። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሲቀላ ከተማ፣ ከወዳጄ ከኸሊፋ ሱቅ ጓዳ፣ በስልክና በሬዲዮ ካርቶን መሀል፣ አንተና የኸሊፋ ልጅ ሳላዲን ለሁለት አንድ ወንበር ነበራችሁ። ሆላንድ አገር ያለ አንድ ሰርቨር ተከራይታችሁ ጀመራችሁ። ቪፒኤን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ አንተ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነገርከኝ። ያስረዳኝ ሳላዲን ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የመስኖ ውሃ ተራ ጸሐፊ አይደሉ? ውሃ በክፍት ቦይ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። እኛ ቦዩን በድንጋይ እንከድነዋለን። ውሃው ይሄዳል፤ የማን ማሳ እንደገባ ግን የሚያይ የለም።»

«ውሃውን የምትለቁት እናንተስ አታዩም?»

«እኛም ዓይናችንን እንጨፍናለን» ብሎ ሳቀ።

«ከለላ ማንንም አያይም፣ ማንንም አይመዘግብም» የምትለውን መፈክርህን ያገኘኸው ከዚያች ቀን ነው። ገጽህ ላይ ዛሬም አለች። ባለቤቷ የለም።

አሥራ አንድ ደንበኛ ይዛችሁ ተነሳችሁ። እናትህ ዘርፈሽ ባረፈችበት በ2005 ስድስት መቶ ሆናችሁ። በ2007 አንተ ናይሮቢ ስትገባ፣ በኢንተርኔት መመዝገብ የሚፈሩ የአገራችን ሰዎች ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ሳላዲን ኮዱን ያወጣል፣ እኔ በብጣሽ ወረቀት አድላለሁ። «ስም አትጠይቅ፣ ስም አትጻፍ» ብለህ አዘዝከኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጫኖ ላይ ዛሬ ውሃው የማን ነው እያልኩ ስም ስጽፍ የኖርኩትን ሰውዬ።

ሰዎቹ ደግሞ ኮዱን ብቻ ይዘው አይሄዱም። ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው የልባቸውን ይነግሩኛል። አሸናፊ፣ የኦቾሎው አስተማሪ፣ ስለ መሬት ጉዳይ ውጭ አገር ላለ ሬዲዮ እንደሚጽፍ አጫወተኝ። ሚስቱ እንኳ አታውቅም ነበር። እኔ በስምንተኛ ክፍል ትምህርት ምን ልርዳው? የማውቀው እርዳታ አንድ ነው። የንስሐ አባቴ አባ ወልደየሱስ በቅዳሴ እንዲያስቡልኝ የሰዎቹን ስም ጻፍኩ። መጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን፣ እንዳይምታታብኝ ከጎኑ የዓለም ስማቸውን፣ ቀጥሎ የሚጸለይበትን ጉዳይ። «ገብረ ሥላሴ፤ መምህር አሸናፊ፤ ለሬዲዮ የሚጽፈው እንዳያስይዘው።» ዘጠኝ ሰው ሆነ። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ አኖርኩት።

በ2009፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት የደኅንነት ሰዎች ቤቴ መጡ። የተውክልኝን ኮምፒውተር ከፍተው ሲበረብሩ ቆዩ። እንዳልከው ባዶ ነው። ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ ሲሉ አንደኛው፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረው፣ ዳዊቴን ሊሳለም አነሳው። ወረቀቱ ወደቀ።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጸሎት ነው።»

«ለእነማን?»

በሽተኞች ናቸው ብል ያልፍ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየው ዳዊቴን እንደያዘ መዋሸት ከበደኝና «የልጄ ደንበኞች ናቸው» አልኩ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ። ለእነሱ እውነቱን ተናገርኩ፣ ለአንተ ዋሸሁ። የእኔ ጽድቅ እንዲህ ያለ ነው፤ ሰው አስይዞ ራሱን ያነጻል።

ሳላዲንንም በዚያው ቀን ወስደው አመሻሽ ላይ ለቀቁት፤ ዘጠኙ ግን ተይዘው ቀሩ። ያጠፋው ቶሎ መለቀቁ ነው። አንተ ደወልክ። «ዘጠኙን የምናውቀው ሦስት ነን። እኔ እዚህ ነኝ። አንተ አትጽፍም። ማን ቀረ?» አልክ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ምስክር ቆጠርከው። በሳምንቱ የሳላዲንን ፎቶ ገጽህ ላይ ለጥፈህ «ከሃዲውን አስወግደናል» ብለህ ጻፍክ። ሕዝቡ አደነቀህ፤ የራሱን ጓደኛ ያልማረ እኛን ይጠብቃል አለ። ስድስት ሺህ የነበረው ደንበኛህ አርባ ሺህ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ልጅ አንገት ላይ ቆመህ ነው የረዘምከው። እኔም እግርህን ደግፌ ይዤልሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። «አባዬ፣ ጽፈህ ነበር ወይ?» ብለህ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። ጨውና ክብሪት እንኳ በወረቀት ካልያዝኩ ገበያ እንደማልወርድ እናትህ ስትስቅብኝ እያየህ ያደግክ ልጅ ነህ። ለምን አልጠየቅከኝም? መልሱን አትጻፍልኝ።

ከኸሊፋ ጋር በእርድ ብንለያይ በአባያ ዓሣ አንለያይም እያልን፣ ጾም ካልሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ስንበላ ስንት ዓመታችን ነበር። ነገሩ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ «ቅዳሜ አትመጣም?» ብለው ቆሞ አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ አይስማማኝም አሁን። አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል» ብሎኝ አለፈ። ሱቁን የሚረግጥ ጠፋ። የሳላዲን እጮኛ የሰልሰቢል ቤተሰቦች ለሰው ሻጭ ልጅ አንሰጥም ብለው ቀለበቱን መለሱ። ልጁ ሞያሌ ወርዶ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። ያን ሁሉ ሰርቨር ያቆመ እጅ ዛሬ ሸራ ያስራል።

አሸናፊ አምና መጋቢት ተፈታ። አንድ ጆሮው አይሰማም። ዘመዶቹ ነገሩን ኦቾሎ ዱቡሻ ላይ፣ በሸንጎው አደባባይ፣ ሽማግሌዎች ፊት አቀረቡት። ሳላዲን መጥቶ ይናዘዝ፤ አለበለዚያ ከኸሊፋ ቤት ጋር እሳትም ውሃም አንካፈል አሉ። ቀኑ ትናንት ነበር፣ የሚካኤል ማግስት። እስከ ዳገቱ ግርጌ በሞተር፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ።

ኸሊፋ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ዳልጮ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው «ልጅህስ?» አሉት።

«ልጄ ያልሠራውን አይናዘዝም። የምትሉትን ለእኔ በሉኝ።»

ከኋላ አንዱ «ስልክ መሸጥ አንሷችሁ ነው ሰው የሸጣችሁት?» አለ። ተሳቀ። ኸሊፋ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ተነስቼ «እሱን ልቀቁት» አልኩ። «ስሞቹን የጻፍኩ እኔ ነኝ። የተገኘውም እኔ ቤት ነው።» ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቅዳሴውን፣ ዳዊቱን፣ የመለስኩላቸውን። አሸናፊ ተጠግቶ ደህናውን ጆሮውን አዞረልኝ።

«ጋሼ፣ በዚህኛው በኩል ይድገሙት።»

ደገምኩለት።

«ሲጸልዩልኝ ነው ያሳሰሩኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሁለተኛ አይጸልዩልኝ።»

ዳልጮ ሳሩን ፊቴ መሬት ላይ አኖሩና «ሰውየው ራሱ ተናዝዟል፣ ሽማግሌ ነው፣ ልጁም ሰው አገር ነው ያለው። እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቅር» አሉ። ልቤ ደስ አላት፣ አልዋሽህም። ቀለል ብሎኝ ልቀመጥ ስል ኸሊፋ ተነሳ።

«የልጄ ስም የጠፋው ኦቾሎ ላይ አይደለም» አለ።

ይህን ነገር ዓለም ከሰማው ከለላ ምን እንደሚሆን ይገባኛል። ማንንም አይመዘግብም የተባለው ቤት፣ የባለቤቱ አባት በገዛ እጁ መዝግቦ ተገኘ ይባላል። አርባ ሺህ ሰው በአንድ ሳምንት ሊበተን ይችላል። የአሥር ዓመት ልፋትህ ነው። እዚያ ቆሜ አንተን አሰብኩ፤ ሕፃን ሆነህ በቦዩ ዳር የቅጠል ጀልባ ስታስኬድ ሳይሆን፣ ያን ፎቶ ስትለጥፍ አሰብኩህ። ተናደድኩብህ። በራሴም ተናደድኩ፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

የእናትህ አምላክ ጤናህን ይጠብቅ፤ ልብህንም ልቤንም ያለስልስ። ምርቃቴ ከልቤ ነው፣ ቁጣዬም ከልቤ ነው። የሳላዲን ቁጥር ኸሊፋ ዘንድ አለ፤ እንድትደውል አልለምንህም።

ኸሊፋ ያን ካለ በኋላ አሸናፊን «ስልክህን አውጣና ቅረጸኝ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የከለላው ኢያኤል አባት መሆኔን ተናገርኩ። ወረቀቱን የጻፍኩ እኔ እንደሆንኩ፣ ሳላዲን ኸሊፋ አንድም ስም እንዳላወጣ ተናግሬ ጨረስኩ። አሸናፊ «ለሬዲዮው ልላከው?» አለኝ። ኸሊፋን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። «ላከው» አልኩ። ላከው።

አባትህ፣
ሀብተሚካኤል