ለደነገጡ ልጆች ጊዜ የነበራቸው ሲስተር ትርሲት ወልደ ሩፋኤል

ሲስተር ትርሲት ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አድማሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንአለሽ ባዩ በሚያዝያ ወር 1954 ዓ.ም. በጋይንት ቤተ ልሔም ተወለዱ። መሪጌታ ከሩቅ አገር የሚመጡ ደቀ መዛሙርትን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ነበሩ። ትርሲትም የዜማው ድምፅ ከማይጠፋበት ቤት አደጉ፤ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአባታቸው እጅ ነው። ሴት ልጅ ዳዊት መድገሟ የሚደንቀው እንግዳ ሲመጣ መሪጌታ «ታዲያ ዳዊት የተጻፈው ለማን ነው?» ብለው ይመልሱ እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት አካባቢ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ንፋስ መውጫ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያም ጎንደር ከተማ በነርስነት ሠልጥነው በ1975 ዓ.ም. ተመረቁ። የመጀመሪያ ምድባቸው ስማዳ፣ ወገዳ ነበር። መኪና ወገዳ የሚገባው መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሲስተር መድኃኒቱን በበቅሎ አስጭነው እሳቸው በእግራቸው ተከትለው እንደገቡ የሚያስታውሱ አሁንም አሉ።

የ1977ቱ ድርቅ የያዛቸው እዚያው ነው። በዚያ ክፉ ዓመት ያዩት አንድ ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ምግብም መድኃኒትም እያገኙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ሲስተር ታዲያ ልጅ የሞተባቸውን እናቶች እየለመኑ እነዚያን ሕፃናት አስታቀፉ። «መጀመሪያ ያቀፏቸው ልብስ የሌላቸው ልጆች እንዳይበርዳቸው ብለው ነው፤ በኋላ ግን አናስረክብም አሉ» እያሉ ይስቁ ነበር። በዚያ መንገድ ቤት ያገኙ ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል።

በወገዳ ሳሉ እግሩን ቆስሎ የመጣ አንድ ወጣት መምህር አከሙ። ቁስሉ ድኖ ጠባሳው እንኳ ሊጠፋ ሲል ማሰሪያ ሊያስቀይር መመላለሱን አልተወም። ያ ወጣት መምህር አምሳሉ ስንታየሁ ናቸው። በጥር 1979 ዓ.ም. በቤተ ልሔም በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ምንተስኖትን፣ ህይወትንና መልአኩንም ወለዱ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በእስቴ፣ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በንፋስ መውጫ የእናቶችና የሕፃናት ክፍል ሠሩ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነበር የቀራቸው። መምህር አምሳሉ አብረው የሚያርፉበትን ጊዜ አስበው ከጓሯቸው ኮክ ተክለው ነበር። ነገር ግን ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ ሲስተር ያዩት ነገር ዕረፍት ነሳቸው። ሆዷን ያማታል፣ ራሱን ያመዋል ተብለው የሚመጡ ልጆች ቢመረመሩ ምንም አይገኝባቸውም። ከፍ ከፍ ያሉ ልጆች ሽንት ያመልጣቸዋል፤ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ። እናቶቻቸውም «ልጄ ተለወጠብኝ» ይላሉ።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የረድኤት ድርጅት የሥነ ልቦና ቁስል ለደረሰባቸው ሕፃናትና ቤተሰቦች በንፋስ መውጫ የድጋፍ ማዕከል ሲከፍት፣ ሲስተር የጡረታ ሽኝታቸው በተደረገ በወሩ ሥልጠናውን ወስደው ሥራ ጀመሩ። መምህር አምሳሉ «ጡረታ ማለት ይሄ ነው?» ቢሏቸው «ኮኩ እስኪደርስ ነው» አሉ። ኮኩ ደርሶ ተበላ፤ እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ።

በዚያ ግቢ ልጅን ገና በመጀመሪያው ቀን «ምን ሆንሽ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም ነበር። ሲስተር የሚጠይቁት «ምን በላሽ?» ብለው ነው። ከዚያ አሸዋው አለ፣ ኳሱ አለ፣ ሥዕሉ አለ። ወጣት ባለሙያዎች «መቼ ነው ታሪኩን የምንሰማው?» ሲሏቸው «ሲፈልግ ይነግረናል። እስከዚያ ነገም በዚህ ሰዓት እዚሁ እንደምንገኝ ይወቅ» ይሉ ነበር።

ደጋግመው ማስታወስ የሚወዱት የአቶ ካሣሁንን እና የልጃቸውን የሊድያን ነገር ነው። አቶ ካሣሁን ዛሬ በዚህ ሐዘን ላይ ከእኛ ጋር ናቸው፤ እንዲጻፍም ፈቅደዋል።

አቶ ካሣሁን የስማዳ ገበሬ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ተመትቶ ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል። ስምንት ዓመት የሞላት ሊድያ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተናገረችም። ጠበል አስጠመቋት፣ ሐኪም አሳዩአት። ትምህርት ቤት ሲልኳት ደግሞ ደወል ሆኖ የሚያገለግለው ብረት በተመታ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ወደ ዱር ትሮጣለች። በመጨረሻ ቤት ትቆይ ተባለ። አባት ግራ ሲገባቸው ንፋስ መውጫ እኅታቸው ቤት ይዘዋት መጡና ወደ ማዕከሉ ገቡ።

«ሲስተር፣ ልጅቱን ይቀበሉኝና እኔ አገር ለቅቄ ልሂድ» አሉ። «እኔን ስታይ እናቷን ነው የምታስበው። ከእኔ ጋር አይሻላትም።»

ሲስተር ውኃ ሰጧቸውና «እርስዎስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አሏቸው።

አቶ ካሣሁን ውኃውን ሳይጠጡ አስቀመጡት። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ።

«እንግዲህ የመጣችሁት ሁለት ናችሁ። አንዳችሁን ብቻ አልቀበልም» አሏቸው ሲስተር።

ሲስተር አቶ ካሣሁን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው መሆናቸውን ስላዩ፣ የወደቀውን የግቢ አጥር እንዲያቆሙላቸው ለመኗቸው። ሊድያ ጥጓን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። የመዶሻው ድምፅ እንዳያስደነግጣት ሲስተር አባትየውን «ከመምታትዎ በፊት ይንገሯት» አሏቸው። አቶ ካሣሁንም «ልመታ ነው» እያሉ መምታት ጀመሩ። ሰንብታ ልጅቱ ፊቷን መለሰች። ቀጥሎ አባቷ የሚመቱት እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ብቻ ሆነ። በኋላም ምስማር ታቀብል ጀመር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አቶ ካሣሁን ቋሚ አቁመው አፈሩን ሲጠቀጥቁ ሊድያ ራቅ ብላ አየችና «አባዬ፣ ጠሟል» አለች።

በረንዳ ላይ የነበሩ ሠራተኞች እልል ሊሉ ሲቃጡ ሲስተር በእጃቸው ከለከሏቸው። አቶ ካሣሁንም ልጅቱ የተናገረች ቀን እንዳይደነቁባት በሲስተር የተመከሩትን አልዘነጉም። ድምፃቸውን እንደ ዘወትሩ አድርገው «ወዴት?» አሉ። «ወደ እኔ። ትንሽ ግፋው» አለች። ገፉት፤ ተቃና። ሥራው ሲያልቅ ግን ከቤቱ ጀርባ ዞረው አለቀሱ፤ ሲስተርም ሄደው አጠገባቸው ቆሙ።

ወደ ስማዳ የሚመለሱበት ጊዜ ሲደርስ ሲስተር በዚያ አስቸጋሪ መንገድ አብረዋቸው ሄደው የትምህርት ቤቱን ኃላፊ አነጋገሩ። ኃላፊው «ለአንድ ልጅ ብለን ደወል መተው አንችልም» አሏቸው። ሲስተር «ይቅር አላልኩም። ይደወል። ሊድያ ትደውለው» አሉ። ሰውዬው አመነቱ፤ ግን ቅን ሰው ስለነበሩ እሺ አሉ። በመጀመሪያው ቀን ብረቱን በጣም ለስልሳ ስለነካችው ማንም አልሰማም፤ ተማሪው ሜዳ ላይ ጨዋታውን ቀጠለ። አባቷ አጠገቧ ቆመው «ድገሚው» አሏት። ስትደግመው ግን አጥር ማዶ የሚያርሱ ሰዎች ቀና አሉ። አሁን አቶ ካሣሁን ቤታቸውን ሠርተው እርሻቸውን ያርሳሉ። ሊድያም ትምህርቷን ቀጥላለች፤ መምህሮቿ ወሬ ታበዛለች ብለው እንደሚከሷት አባቷ በደስታ ይናገራሉ።

ሲስተር ትርሲት ስብሰባ ሲረዝም ወንበራቸውን የሚያንኳኩ፣ ወጥ ጨው የሚያበዙ፣ መንገድ ሲሄዱ የአባታቸውን ዜማ በለሆሳስ የሚያንጎራጉሩ ሰው ነበሩ። «የጦርነት ልጆች» የሚል ስም ከሰሙ ይቆጡ ነበር፤ «ስማቸውን ጠይቁ» ይላሉ። በገበያ ቀን ድሮ የረዷቸው ልጆች ሳያውቋቸው በአጠገባቸው እየሮጡ ሲያልፉ ልጃቸው ህይወት ቅር ቢላት፣ «ተያቸው፣ እኔን የሚረሱበት ቀን እንዲመጣ ነው የሠራሁት» አሏት።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ ሥራ ይቀንሱ ሲሏቸው ድጋፍ የሚሹ ቤተሰቦችን ፍለጋ በየመንደሩ መውጣቱን ለወጣቶቹ ትተው፣ ግቢ ውስጥ ከሕፃናቱ ጋር መቀመጡን ግን ቀጠሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጆቻቸው ሁሉ ተሰብስበው ሳለ እንዲህ አሉ፦ «ጠግቤ ነው የምሄደው። አታልቅሱ አልላችሁም፤ አልቅሱ። ብቻ አብራችሁ አልቅሱ።»

ሲስተር ትርሲት በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በንፋስ መውጫ በመኖሪያ ቤታቸው፣ እጃቸውን መምህር አምሳሉ እንደያዙላቸው አረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረትም በተወለዱበት በቤተ ልሔም፣ በወላጆቻቸው አጠገብ ዛሬ ያርፋሉ። ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ሌላ፣ በየቤቱ ገብታ «ምን በላችሁ?» የምትለውን ቤቲን ጨምሮ አራት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

የብዙ ቤት ልጆች በሰላም እንዲተኙ የደከሙትን እኚህን እናት፣ ቸሩ አምላክ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ፍርሃት በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን። ለመምህር አምሳሉ፣ ለልጆቻቸውና በየመንደሩ ላፈሯቸው ልጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።