በመኪና መስኮት ለተነገረ መርዶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ሳጅን ዋቅሹማ
ተክለ ሃይማኖት አደባባይ፣ ከመብራቱ ሥር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ፊሽካዎ የጠነከረ ይሁን፣ ፀሐዩም ለእርስዎ ሲል ደመና ይልበስ እያልኩ፣ ባለፈው እሑድ ረፋድ ስልክ እያወራሁ ስነዳ ያስቆሙኝ የልደታው ልጅ፣ ከአስረኛ ክፍል በተረፈችኝ አማርኛ ይህን ደብዳቤ በአክብሮት አቀርባለሁ።

ጥፋቱ መጀመሪያ የእኔ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲጠይቁኝ ፊቴን አጨማድጄ ወደ ጆሮዎ ጠጋ አልኩና፣ ከኋላ የተቀመጡት አክስቴ እትዬ ወለተሰንበት ወንድማቸው ጋሽ ፍሰሐ መሞታቸውን እንዳልሰሙ፣ መርዶ ወደሚነገርበት ቤት እየወሰድኳቸው እንደሆነ ሹክ አልኩዎ። ጋሽ ፍሰሐ ግን ክርስትና ግብዣ ልንወስዳቸው ስለነበር፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ከራቫታቸውን አስረው እየጠበቁን ነበር። በዚህ ውሸት አመልጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ አራዳ የሚባለውም ይኸው እኔ ነኝ።

ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው፦

1. ሆደ ቡቡ መሆንዎ የደንብ ልብስዎ ላይ አልተጻፈም። ዓይንዎ እንባ ሲያቀርር ሳይ ለትወናዬ ራሴን አደነቅሁ።

2. መርዶ በማለዳ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትንሽ አሟቸው ነበር እየተባለ ቀስ ተብሎ እንደሚነገር እርስዎም አይጠፋዎትም። እርስዎ ግን ባርኔጣዎን አውልቀው በኋላው መስኮት ብቅ አሉና «እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት፤ ወንድም መቼም አይተካም» አሉ። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ፤ በዚያ አደባባይ እንዲህ የፈጠነ ነገር አይቼ አላውቅም።

3. አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አስፋልት ላይ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እርስዎ መንገዱን ዘግተው የሦስት ሚኒባስ ሰው ለቅሶ እንዲደርስ አደረጉ። ውሸት ነው፣ አልሞቱም ብዬ ስጮህ ደግሞ ሐዘን ያሳበደኝ መስሎዎት ጥርቅም አድርገው አቀፉኝ። በዕድሜዬ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ። ጋሽ ፍሰሐ መጠበቅ ሰልችቷቸው በእግራቸው ሲመጡ የራሳቸው ለቅሶ ላይ ደረሱ፤ አክስቴም እሳቸውን ባዩ ጊዜ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

4. ይህኛውን ትቼዋለሁ። የቅጣት ወረቀቱ ትክክል ነበር።

ክቡር ሳጅን፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እኚህ አክስቴ ናቸው። ከእሑድ ጀምሮ ግን ምግቤን ፊታቸውን አዙረው ያቀርቡልኛል እንጂ አያናግሩኝም። ሽማግሌ ብልክ፣ «ለወንድሜ ከልቡ ያዘነው ያ ፖሊስ ብቻ ነው፣ እሱ ከመጣ እሰማለሁ» ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ በመጪው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ከልደታ ማርያም ጀርባ ወዳለው ቤታችን ብቅ ብለው እንዲያስታርቁኝ፣ ጫማዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። አደራ፣ በበሩ ይግቡ፤ በመስኮት አይሁን።

ፊሽካዎን በሰማ ቁጥር የቆመ መኪና ውስጥ እንኳ ቀበቶ የሚያስረው፣
ትሑት ጥፋተኛዎ ሰላሁን

ማሳሰቢያ፦ ስልኬን ተቀብለው ይዘው ሳሉ አራት ጊዜ ሲጠራ፣ ለሐዘንተኛ ክብር ሲሉ ድምፁን አጥፍተውት ነበር። ስክሪኑ ላይ «ጋሽ ፍሰሐ» ይል ነበር። ሟቹ ነበሩ፤ የት ደረሳችሁ ሊሉ ነው።