ስለ ሲክስተን መድንና ስለ አምበሩ ባጃጅ

ይድረስ ለእህቴ ለሔዋን አካለ ወልድ፤
ስዊድን፣ ኡፕሳላ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ንጉሴ ያ የወገቡ ሕመም ተሻለው ወይስ ዛሬም በረዶ ሲጠርግ ያቃስታል? ልጃችሁ መክሊትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባና እማማ አምበር በቤታቸው፣ እኔና አይናለም ደግሞ እዚህ ማርቆስ እንዳለን አለን። ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሮብናል፤ የእናንተን አገር ሳስብ ግን ማማረሩን እተወዋለሁ።

የላክሽልኝን የሦስቱን የውሻ መድን ዝርዝር፣ ወደ አማርኛ መልሰሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ ልመልስልሽ ብል መስመሩ በየመሀሉ ይቆረጣል፤ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን በግምት ትሞይዋለሽ። መድን ደግሞ በግምት የሚገባ ነገር አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚሄድ የሥራ ባልደረባዬ በፖስታ እንዲልክልሽ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እኔ እዚህ የመድን ድርጅታችን ቅርንጫፍ ካሳ ክፍል ተቀምጬ የመኪና፣ የመጋዘን፣ የጭነት፣ አልፎ አልፎም የከብት መድን አይቻለሁ። የውሻ መድን ግን ያንቺው የመጀመሪያዬ ነው። መሥሪያ ቤት ባወራው ሁሉም ሳቀ፤ አንዱማ «ውሉን ውሻው ራሱ ነው የሚፈርመው?» አለኝ። ለአባባም ነገርኳቸው። «መድኅን ለነፍስ ነበር፤ እናንተ ለውሻ አወረዳችሁት» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። የቅኔ ጉባኤያቸውን ለተማሪያቸው ካስረከቡ በኋላም ቃል ሲያገኙ ሳያገላብጡ አያልፉም። ንጉሴም ለውሻ ይህን ያህል መጨነቅ ያሳፍራል ማለቱን ጽፈሻል። እኔ ግን አላፈርኩም።

ከሦስቱ የቱን ልግባ ካልሽው ይልቅ ያስቆመኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። ስትንከባከቢያቸው የነበሩት አሮጊት፣ ኢንግሪድ፣ መጦሪያ ቤት ሲገቡ ውሻቸውን ሲክስተንን ላንቺ ትተውልሻል። እሳቸው ዘንድ ሳለ የኋላ እግሩን ያመው ነበር፤ ሐኪምም አይቶታል። ይህን ለመድን ድርጅቱ ባልናገርስ ብለሽ ጠይቀሻል። ለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት በዚህ ዓመት እኛ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። እስካሁን ያልነገርንሽ እንዳትጨነቂ ብለን ነው፤ አሁን ነገሩ ስላለቀ የሚያስጨንቅ የለውም።

የአባባን ውሻ ጉሬዛን ታስታውሺዋለሽ። አንቺ ስትሄጂ ገና ቡችላ ነበር፤ አሁን አርጅቶ ጆሮው አይሰማም። እንደ ድሮው የቀረው ጥቁርና ነጭ ጠጉሩ ብቻ ነው። ከግቢያችን በታች ባለችው ጥርጊያ መንገድ ላይ ፀሐይ እየሞቀ መተኛት ይወድ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ አንድ የገበያ ቀን ትዕዛዙ የሚባል የአምበር ባጃጅ ሹፌር ጠመዝማዛዋን ዞር ሲል ጉሬዛን መሀል መንገድ ተኝቶ አገኘው። ጡሩምባ ነፋ፤ ጉሬዛ አልሰማም። እሱን ላለመርገጥ መሪውን ሲጠመዝዝ ባጃጇ ቦይ ውስጥ ገብታ ተገለበጠች። ደግነቱ ተሳፋሪ አልጫነም ነበር። የትዕዛዙ እግር ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰበረ፤ የባጃጇም ፊት ተጨፈለቀ። ጉሬዛ ሰው ሲሰበሰብ አይቶ ተነሣና ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ባጃጇ የራሱ ስትሆን መድን የገባችው እኛ ዘንድ ነበርና የካሳ ማመልከቻው እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ትዕዛዙ ያጻፈው «ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ መንገድ ስለዘጋብኝ» ይላል። የውሻውን መልክ ጥቁርና ነጭ፣ ቦታውን ደግሞ ከመሪጌታ አካለ ወልድ ግቢ በታች ብሎታል። እታለም፣ እዚያ አካባቢ ጥቁርና ነጭ ውሻ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ ድርጅቱ ለደንበኛው ካሳውን ከከፈለ በኋላ ጉዳቱን ያደረሰውን ወገን ዞሮ ይጠይቃል። ሕጉም እንስሳ ላጠፋው ጥፋት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ውሻው ባለቤት ከሌለው ግን ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ትዕዛዙ ይህን ሁሉ አጥንቶ አልነበረም፤ አባባ በእሱ ምክንያት ፖሊስ ጣቢያ እንዳይመላለሱ ብሎ ነው። ታናሽ ወንድሙን ቅኔ ያስተማሩት አባባ ናቸው።

ማመልከቻውን ለሥራ አስኪያጃችን ለወይዘሮ ንግስት መልሼ «ጉዳዩ ቤተሰቤን ስለሚነካ ሌላ ሰው ይየው» አልኳቸው። ወይዘሮ ንግስት ከሆሳዕና ተዛውረው የመጡ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የእኛን ጾም ከእኛ በላይ የሚያከብሩልን ሴት ናቸው። እንዴት እንደሚነካኝ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው። ቅዳሜ አምበር ሄድኩ።

አባባን ከደጁ ላይ ጉሬዛን በገመድ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ገና ሳልቀመጥ «ትዕዛዙ ምን ብሎ አጻፈ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ባለቤቱ የማይታወቅ?» አሉ። «እዚህ አገር እኔ ነኝ የማልታወቀው?»

እማማ ከጓዳ ሆነው «ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ከተወዎት እርስዎን ምን ቸገረዎት?» አሉ። አባባ «ወለተ ሰንበት፣ ውሻው የማነው?» አሏቸው።

እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ማስረዳት ነበረብኝ። «እርስዎ ሄደው ውሻው የኔ ነው ካሉ ትዕዛዙ ሐሰት አጻፈ ተብሎ ካሳው ሊቀርበት ይችላል። እግሩ የተሰበረው እሱ፤ እንጀራው የቆመበትም እሱ። እርስዎ እውነቱን ተናግረው ሲገላገሉ ጉዳቱ እሱ ላይ ያርፋል» አልኳቸው። አባባ ገመዱን ደግመው አጠበቁና ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ትዕዛዙ እግሩ በጄሶ ታስሮ መደብ ላይ ተጋድሞ ነበር። ለመነሣት ሲታገል አባባ በእጃቸው መለሱት። የጤናው ነገር ከተጠያየቁ በኋላ «ውሻው የእኔ መሆኑን አታውቅም ኖሯል?» አሉት።

«አውቃለሁ መሪጌታ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እርስዎን ከስሼ በየትኛው መንገድ ላይ ልነዳ ነው?»

«እኔን አትክሰስ። የባለቤቱን ስም ብቻ ተናገር። ሌላው የእኔ ጣጣ ነው» አሉት።

ትዕዛዙ ወደኔ ዞሮ «አንሙት፣ ካሳዬ ይቀራል?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ራሱ ቀርቦ ቢያርም፣ ኋላ ሌላ ሰው ደርሶበት ከሚገኝ ይሻለዋል፤ ይከፈልሃል ብዬ ግን ቃል ልገባለት አልችልም። ሚስቱ ይህን ሁሉ ስናወራ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ያን ቀን ትዕዛዙ እሺም እምቢም ሳይለን ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሁለቱ ከባለጉዳዮች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ትዕዛዙ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። በጠዋቱ አውቶቡስ አብረው መጥተው ኖሯል። ጸሐፊዋ «አባቴ፣ ምን ጉዳይ ነበረዎት?» ብትላቸው «የውሻ ባለቤት ነኝ» አሏት። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ትዕዛዙ አልሳቀም።

እኔ ከወይዘሮ ንግስት ክፍል ውጭ ነበርኩ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ግን ሰማሁ። ትዕዛዙን «መጀመሪያ ለምን እንዲያ አጻፍክ?» ቢሉት «አክብሬያቸው ነው» አለ። እሳቸውም ወደ አባባ ዞሩና «መሪጌታ፣ ባይመጡ ኖሮ እኮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር» አሏቸው።

«ማንም አለመጠየቁን ፈርቼ ነው የመጣሁ» አሉ አባባ።

ወይዘሮ ንግስት የሁለቱን ቃል ተቀብለው፣ ደንበኛው በራሱ ፈቃድ ቀድሞ ያረመው መሆኑን ጠቅሰው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላኩት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። የትዕዛዙ ሚስት ማርቆስ በመጣች ቁጥር ቢሮ ብቅ ትላለች፤ እኔም የለም፣ ገና ነው እላታለሁ። በዚያ ጊዜ አባባ ጥሩ ነገር ሠሩ ወይስ ሰው አስራቡ፣ መለየት አቅቶኝ ነበር። ለማንም አላወራሁትም። ለአይናለምም ቢሆን።

በታኅሣሥ መልሱ መጣ፤ ካሳው ተፈቀደ። ባጃጇም ጋራዥ ገባች። ብዙም ሳይቆይ እንደ ደንቡ ለአባባ የመጠየቂያው ደብዳቤ ተጻፈላቸው። እኔ ልክፈል ብላቸው «ውሻው ያንተ ነው?» አሉኝና ወንዝ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጡት። ያ ባሕር ዛፍ እማማ ለማዕድ ቤቱ ጣሪያ ሲጠብቁት የኖሩት ነው። ስለዚህ እማማ አባባን እስከ ገና ድረስ አኮረፉ። ምሳ ሲደርስ ወደ ጉሬዛ ዞረው «ምሳ ቀርቧል በልልኝ ለጌታህ» ይላሉ። ደንቆሮው ውሻ ጅራቱን ይቆላል፤ አባባም ተነሥተው ይመጣሉ። በገና ዕለት እማማ ራሳቸው «ይምጡ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አሉ፤ በዚያው ታረቁ። ጣሪያው ዘንድሮም በአሮጌው እንጨት ይከርማል። ገንዘብ ልላክ እንዳትይ፤ አባባ ይቀየሙሻል።

ጎረቤቶች ውሻውን አስወግዱት ብለው ነበር። አባባ አልሰሙም፤ ቀን ቀን አስረውት ይውላሉ። ትዕዛዙ ከጥምቀት ወዲህ መንዳት ጀምሯል። ትንሽ ያነክሳል፤ ሐኪሙ ይለቅቀዋል ብሎታል። ሚስቱ እኔን ስታገኝ አሁንም ሰላምታዋ አጭር ነው። አልፈርድባትም።

እንግዲህ ወደ ጉዳይሽ። የመጀመሪያው፣ ርካሹ፣ አደጋ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሲክስተን ስምንት ዓመት ሆኖታል ብለሻል፤ በዚህ ዕድሜ ከመኪና ይልቅ በሽታ ነው የሚያሰጋው። ተዪው። ሁለተኛው፣ ንጉሴ ከገባን አይቀር ያለው፣ ሕክምናውን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል፤ ውሻው በሰው ወይም በንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ግን አንዲት መስመር የለውም። ሦስተኛው ለሕክምናው ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚለው ጣሪያ አለው፣ ከየወጪውም የመጀመሪያውን ድርሻ ከኪሳችሁ ትሸፍናላችሁ፤ ሌላው ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ግን ይቆምላችኋል። እኔ ብሆን ሦስተኛውን እገባለሁ። ሲክስተን ቢታመም ተበድራችሁም ቢሆን ታሳክሙታላችሁ። ብስክሌት የሚነዳ ሰው በሱ ምክንያት ወድቆ ቢሰበር ግን የሰውየውን የወራት እንጀራ ከየት ታመጣላችሁ?

ከመፈረምሽ በፊት የቤታችሁን መድን ውል አውጥተሽ አንብቢ። ውሻ የሚያደርሰውን ጉዳት እዚያ ውስጥ አስቀድመው ሸፍነውልሽ ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ አትክፈሉ፣ ያኔ የንጉሴው ይሻላል። መክሊት ይዛው ስትወጣ ለሚደርሰው ጉዳትም ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ። ውሻው አሁንም በኢንግሪድ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በስምሽ አዛውሪው፤ በሌላ ሰው ንብረት ላይ የተገባ መድን በካሳ ጊዜ ምን እንደሚመስል በየሳምንቱ አያለሁ።

የእግሩን ነገር ንገሪያቸው። ምናልባት ያንን እግር ከሽፋኑ ያወጡት ይሆናል፤ ያውጡት። ሦስት እግርና ሙሉ አካል ይቀርለታል። ብትደብቂያቸው ግን ሐኪሙ ዘንድ ተጽፎ ስላለ አንድ ቀን ያገኙታል፤ ያን ጊዜ ውሉን በሙሉ ያፈርሱብሻል፣ ሲክስተንም በእርጅናው የሚቀበለው ሌላ መድን ድርጅት አያገኝም። ትዕዛዙ በጊዜ ስላረመ ተረፈ። ሳያርሙ ቀርተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን እኔው ነኝ በር ድረስ የሸኘኋቸው።

ለንጉሴ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን ሳይሞቀው አካፋ አያንሣ። መክሊትን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ኢንግሪድን ስትጠይቂያቸው አባቴ እግዜር ጤና ይስጥዎት ብለዋል በያቸው። እማማ ብርዱን ተጠንቀቂ፣ ጾሙንም አቅልዪው ብለውሻል። አይናለም በጣም ናፍቃሻለች፤ የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኗታል። ትዕዛዙም ይህን እንደምጽፍልሽ ሲሰማ «ለእህትህ ሰላም በልልኝ» አለኝ።

አባባ ከሁሉም አብልጠው አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብለውኛል። ስለ መድኑ አይደለም። ሲክስተንን ስትጠሪው በየትኛው ቋንቋ ነው የምትጠሪው? አማርኛ መስማት ጀምሯል ወይ?

ወንድምሽ አንሙት አካለ ወልድ
ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.